በሳጥን የተቆለፈ ስኳር

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ሚስቴ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራ ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት። የመጨረሻዋ ልጃችን፤ ትምህርቷን ጨርሳ እናቷን ለማስታመም ቤት የቀረች። የሚስቴ ታላቅ እህት፤ ውጫሌ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ፣ ምላሷም ከበርበሬዋ የማይተናነስ። አንዲት የጎረቤት ሴት። ደሴ ላይ ሚስቴን ስታክም የነበረች ወጣት ሐኪም። የሰፈራችን ሼህ። እኔ፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በር፣ መስኮትና ሳጥን የምሠራ አናጢ። ስም አልጽፍም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ የሌላውን ስም ከእኔ ጥፋት ጋር አልደባልቅም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ አልነበረኝም። ምስማር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። አናጢነቱንም የተማርኩት አንድ አሮጌ በር ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። እንዲህ ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ ያወቀውን ነገር ማንም ስላልሰጠው ማንም ሊወስድበት አይችልም። በቤቴም በልጆቼም ላይ እንደዚያ ነበርኩ። ያልኩት ይሆናል።

ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ አፉን በከፈተበት ሰሞን እኔም ደህና ስልክ ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ድሮ ጋዜጣ ለማግኘት ደሴ የሚሄድ ሰው እጠብቅ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ዓለም ኪሴ ውስጥ ገባ። ፖለቲከኛው ያወራል፣ ነጋዴው ያወራል፣ ሐኪም ነኝ ባዩም ያወራል። ማን ምን እንደሆነ የሚለይበት ወንፊት ግን ከስልኩ ጋር አብሮ አልተሸጠልኝም።

የሚስቴ ሕመም የታወቀው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለብዙ ወራት ደብቃኝ ነበር። ደሴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ቀጥሎም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ኬሞ፣ በጠቅላላው ስድስት ዙር ታዘዘላት። ሐኪሟ ገና ከመጀመሪያው «የምትችለውን ሁሉ ትብላ፤ ዋናው ክብደቷ እንዳይቀንስ ነው» ብላን ነበር። እኔ ይህን ምክር ናቅሁት። ለእንዲህ ያለ ከባድ በሽታ እንዲህ ያለ ቀላል ምክር ይኖራል ብዬ አላመንኩም።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አየሁ። ካንሰር የሚኖረው በስኳር ነው፣ ስኳሩን ብትከለክሉት በረሃብ ይሞታል ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ለአናጢ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እርጥቡን እንጨት በደንብ ካደረቅኸው ነቀዝ አይመቸውም። ደብተር አወጣሁና ጻፍኩ፦ ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ማንጎ የለም፣ ሙዝ የለም፣ ብርቱካን የለም፣ ለስላሳ የለም፣ ነጭ ዳቦ የለም። ከሥሩ ደግሞ የሚፈቀደውን ጻፍኩ፦ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የተቀቀለ ዓሣ። ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ማድቤቱ በር ላይ በምስማር መታሁት።

ሚስቴ ስታየው ሳቀች። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የምትጠጣው።

«ታመምኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ለአንቺው ነው። ወላሂ በይ።»

«ለሻይም ወላሂ ይባላል?»

«ይባላል። እኔ ሥራ ስውል ማን ያይሻል?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ወላሂ፣ ይህ ሕክምና እስኪያልቅ ጣፋጭ ነገር አፌ አይገባም» አለች። እኔም በሠራሁት ሥራ ረክቼ ወደ መጋዜ ሄድኩ። ያስማልኩት አንዲት በሽተኛ ሴት መሆኗ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

በእኛ አገር በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። የሚያመጣው ደግሞ ስኳር ነው። ያን ጊዜ ስኳር በቀበሌ ተራ ነበር የሚገኘው፤ ለአንድ ቤት በወር የሚደርሰው ከልጆች ሻይ አያልፍም። ሰው ግን የልጆቹን ሻይ አስቀርቶ ለበሽተኛ ያመጣል። የመጀመሪያዋ እንግዳ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች። በላስቲክ የቋጠረችውን ስኳር ከኩታዋ ሥር አውጥታ ስትዘረጋ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ይህ ነገር እዚህ ቤት አይገባም፤ ውሰጂው» አልኳት። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ስኳሩን መልሳ ኩታዋ ውስጥ ከተተችና «አላህ ያሽራት» ብላ ሄደች።

ወሬው ውጫሌ ደረሰ። በሳምንቱ የሚስቴ እህት ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዛ ከተፍ አለች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረችኝ።

«አንተ ሰው፣ ጎረቤት ያመጣውን በር ላይ መለስክ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ። ለበሽታው መኖ ይዘው ይመጣሉ።»

«መኖ? እህቴ በሬ ናት?»

«ያላነበቡትን አይናገሩ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። ዓይን ግን አለኝ። አንገቷን አይተኸዋል? ጎመን ብቻ እያበላህ የበግ ጠቦት አደረግሃት እኮ።»

«እትዬ፣ ይተዉኝ።»

«አልተውህም። አንተ ነገ ስትታመም የሚጠይቅህ ታጣለህ። የሰው እጅ አይመለስም። ተቀበልና ከፈለግህ ሐይቁ ውስጥ ድፋው፤ ዓሣው እንኳ ይጣፍጥልናል።»

ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሚስቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩ ግን ልክ መሆኑን አውቄያለሁ። የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ መፍትሔ አበጀሁ። ከዋንዛ አንድ ሳጥን ሠራሁ፤ ጥሩ ሳጥን ነበር፣ ማዕዘኑ ያለ ምስማር የተያያዘ። ቁልፍ አደረግሁለት። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ስኳር «ጀዛከላህ» ብዬ እቀበልና እንግዳው ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ እቆልፈዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አራት ኪሎ ያህል ተጠራቀመ። ሚስቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሳጥኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ታየው ነበር።

ሁለተኛው ዙር ካለፈ በኋላ አፏ ውስጡ ቆሰለ። ነጭ ሽንኩርቱ ያቃጥላታል፣ ዓሣው ይሸታታል፣ ጎመኑ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ጠዋት «አንድ ብርጭቆ ሻይ ቢሆን...» ብላ ጀመረችና እኔ አፌን ሳልከፍት ራሷ «ተወው፣ ምያለሁ» አለች። «ጎበዝ» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቤአለሁ፤ አንዱም ስድብ እንደዚያች ጎበዝ አይቆጨኝም።

ለአራተኛው ዙር ደሴ ከመሄዳችን በፊት፣ ስንት እንደምትመዝን ላውቅ ብዬ ጎረቤታችን ወዳለው እህል ነጋዴ ባስኩላ ወሰድኳት። ጤፍ የሚመዘንበት ብረት ላይ ወጥታ ቆመች።

«ከነኩታዬ መዝነኝ» አለችው ነጋዴውን፤ «ትንሽ እንኳ ልክበድ።»

ነጋዴው ሊስቅ ፈልጎ ሚዛኑን ሲያየው ተወው። አርባ ሰባት ኪሎ ነበረች። ስትጀምር ሃምሳ ስምንት ነበረች። እኔ በልቤ፣ ካንሰሩ እየከሳ ነው አልኩ። እንደዚህ ያለውን ነገር ያሰበ ጭንቅላት የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አበደረኝ ልል አልችልም።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን አየች፣ ክብደቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አባቴ፣ ምን እየበላች ነው?»

ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩላት። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ተማሪ ለተቆጣጣሪ እንደሚያነብ።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ሰምቼ፣ አንብቤ ነው።»

«የሰውነቷ ክፍል ሁሉ ስኳር ይጠቀማል። ካንሰሩም፣ ልቧም፣ አንጎሏም። በአፏ እንዳይገባ ቢከለክሉት ሰውነቷ የራሷን ሥጋ እየነቀለ ይሠራዋል። ካንሰሩን ለይቶ ማስራብ አይቻልም አባቴ። የተራበችው እሷ ናት።»

«ታዲያ ስኳር እንደ ልቧ ትቃም ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱ አላልኩም። የስኳር በሽታ እንደሌለባት መርምረናል፤ ቢኖርባት ሌላ ነገር ነበር የምነግርዎት። ዋናው ምግቧ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ሽሮ ይሁን። አፏ ቆስሎ የሚወርድላት አጥሚት በስኳር ከሆነ ግን አጥሚት በስኳር ትጠጣ። ማንጎ ካሰኛትም ማንጎ። ዛሬ መድኃኒቱን አልሰጣትም፤ ደሟም ወርዷል፣ አቅሟም አይችለውም። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ሁለት ኪሎ ከጨመረች ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ በሳምንቱ ኑና ደሟን አይተን እንሰጣታለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መንገዱም ነገ እንዴት እንደሚሆን አይታወቅም» አለች።

መንገዱን ያለችው በምክንያት ነው። በዚያ ሰሞን ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። የሐይቅ ትምህርት ቤት ተፈናቃይ ሞልቶበታል። ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሚስቴ «ሰማህ?» አለችኝ።

«ልጅ ናት» አልኳት።

«ልጅ ብትሆንም ያየችው እኔን ነው። ስልክህ ላይ ያለው ሰውዬ እኔን አይቶኛል?»

መስኮቱን እያየሁ ሐይቅ ደረስን። ቤት ስደርስ ምን አደረግሁ? ሳጥኑን መክፈት ይገባኝ ነበር። አልከፈትኩም። አራት ቀን ሙሉ ስልኬን ይዤ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ አምስት አገኘሁ። አምስቱም ሐኪሟን ሐሰተኛ አደረጓት፣ አምስቱም የሚሸጡት ዱቄት ነበራቸው። ዱቄቱን አይቼ እንኳ አልነቃሁም።

በአምስተኛው ቀን ሳንቃ እየላግሁ ሳለ ልጄ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ይህች ልጅ በሕይወቷ መልሳልኝ አታውቅም።

«አባባ፣ ይህን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠበብኩት። አራተኛ ጊዜ ማጥበብ አይቻልም። ግራና ቀኙ ተገናኝቷል፤ ይዩት።»

አየሁት። ስፌቱ ስፌት ላይ ወጥቷል።

«በድብቅ ስኳር ያለው አጥሚት ሰጥቻት ነበር» አለች፤ «አንቱ ቢቆጡም ግድ የለኝም። እሷ ግን እምቢ አለችኝ። ምያለሁ አለችኝ።»

መላጊያውን አስቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩና በእጄ ሻይ አፍልቼ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ወሰድኩላት። በትዳራችን ውስጥ ሻይ አፍልቼ ስሰጣት የመጀመሪያዬ ነበር። አየችውና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ጠጪ። እኔ ትቼዋለሁ።»

«የማልኩት ለአንተ መሰለህ?» አለችኝ። «ለአላህ ነው የማልኩት። ሕክምናው መች አለቀ? አንተ ተውኩ ብትል እኔ መሐላዬን የት አደርሰዋለሁ?»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ ለመንኳት። ሻዩ በረደ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈለግሁት ቃሌን የምትጠብቅ ሚስት ነበር፤ ይኸው አገኘሁ።

በማግስቱ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ጢማቸውን ይዘው ቆዩ።

«በሽተኛ አስምለህ?»

«አዎ ሼሁ።»

«በምግብ?»

«አዎ።»

«አላህ ይቅር ይበልህ። እንዲህ ያለውን መሐላ መተው ነው የሚሻለው። የመሐላው ማካካሻ፣ ከፋራው፣ አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። ደግሞ ዛሬውኑ ትብላ፤ ከፋራው ኋላም ይደርሳል በላት።»

ነገርኳት። እሷ ግን «መጀመሪያ እነሱ ይብሉ» አለች። ያ ጠባይዋ ነው፤ ከኔ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ግትርነት ይማራል። ሁለት ቀን እህልና ዘይት ስፈልግ ሄደ። በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ ምግቡን ይዘን ተፈናቃዮቹ ወዳሉበት ትምህርት ቤት ሄድን። የሚስቴ እህትም ከውጫሌ መጥታ ድስቱን ያዘች። በዚያ ግቢ ውስጥ አሥር ሰው ቆጥሮ አብልቶ መሄድ የሚችል ሰው ካለ ልቡ ከእኔ ይጠነክራል። ሩዙ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ሻይ በበርሜል ተፈላ። እኔ ሳጥኑን ራሱን ተሸክሜ አምጥቼ ነበር፤ ኪሎ በኪሎ እየገለበጥኩ ጨመርኩት። ልጆች በቆርቆሮ ኩባያ ይሰለፋሉ፣ ጠጥተው ዞረው ደግሞ ይሰለፋሉ። አንዲት እናት «ለማን ዱዓ እናድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሚስቴን ነገርኳት።

«ይኸው ሳጥንህ ሰደቃ ሆነ» አለች የሚስቴ እህት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ አየችና «ለእሷስ?» አለችኝ።

ሳጥኑ ባዶ ነበር። እንደ ልማዴ አብዝቼው ነበር። ስከለክል አበዛሁ፣ ስሰጥም አበዛሁ። ሁለቱም ጊዜ ያላሰብኳት ያችኑ አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ነው። በሱቅ ስኳር ከጠፋ ቆይቷል። የቀበሌውም ተራ ቆሟል። ሚስቴ መሐላዋ ወርዶላት ሻይ እየጠበቀች ነው።

ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤት ቤት ሄድኩ፤ በር ላይ የመለስኳት። በሯን ስትከፍት ኮፍያዬን አውልቄ «ትንሽ ስኳር ፈልጌ ነው» አልኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገብታ በብርጭቆ ግማሽ ያህል ይዛ ወጣች። «ያው የዚያን ጊዜው ነው፤ ለእሷ ብዬ አስቀምጬው ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴ መብላት ጀመረች። አጥሚቱ ወረደላት። ማንጎ በማንኪያ በላች። አጥሚቱ ሲያበረታት እንቁላልም ወተትም ተከተለ፤ ሐኪሟ እንዳለችው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባስኩላው ላይ ስናወጣት አርባ ስምንት ተኩል ሆነች። «እንዴት ነኝ፣ ዋጋዬ ጨመረ?» አለችው ነጋዴውን። ቀጠሯችን በማግስቱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ወደ ደሴ የሚጭን መኪና አልነበረም። ሰው በእግሩ ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል። የተኩሱ ድምፅ በውጫሌ በኩል ይሰማ ነበር። የሚስቴ እህት ከዓርብ ጀምሮ እኛው ዘንድ ቀርታ ስለነበር ወደ ቤቷ መመለሻ አጣች። እኛም ወደ ደሴ መሄድ ትተን ወደ ተወለድኩበት፣ ከአስፋልቱ ወደራቀው የአምባሰል ገጠር ሄድን፤ ሚስቴን በተለመነ በቅሎ ጭነን።

እዚያ ከወንድሜ ቤት ተጠጋን። መድኃኒት የለም፣ ስልክ አይሠራም። ወንድሜ ግን የንብ ቀፎ ነበረው። በየጠዋቱ ማር በወተት ትጠጣ ነበር። ኬሞውም ስለተቋረጠ አፏ ዳነ። ሚዛን ባይኖርም ልጄ ቀሚሱን አንድ ስፌት ፈታችለት። ሰው ቢያያት የዳነች ይመስለው ነበር። እኔ ግን ቀን እቆጥር ነበር። አሁን በሰውነቷ ውስጥ የሚያስቆመው አጥቶ እንደ ልቡ የሚሄድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚያስቆመው መድኃኒቱ እንደነበረ፣ የሚቀልበውም ማሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስንመለስ የቤታችን በር ተሰብሯል። ሳጥኑ ግን ነበረ፤ ባዶ ሳጥን ማን ይወስዳል። መንገዱ ተከፍቶ፣ ሕክምናው መልሶ እስኪጀመር ብዙ ወራት አለፉ። ሐኪሟ ስታየን አወቀችን። ሚስቴን ካስመረመረች በኋላ በሽታው ጉበቷ ላይ መድረሱን ነገረችን። ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት፤ በሳምንቱ መጥተን ቢሆንስ?

«አንድ ዙር ነው የሚጨመርላት የነበረው» አለችኝ። «ያ አንድ ዙር ያድናት ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ምንም አይጠቅማትም ነበር ብዬም አልዋሽዎትም።»

ይህ መልስ ከተሰጠኝ በኋላ ብዙ አሰብኩበት፤ የሚፈርድብኝ ሰው እፈልግ ነበር። ፈራጅም አላገኘሁ፣ የሚያድነኝም አላገኘሁ። የታመመ ሰው ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ያነበባችሁትን ነገር በሽተኛዋን ላየ ሐኪም ወስዳችሁ ጠይቁ። መልሱ ባይጥማችሁም ቤት ስትደርሱ በዚያው ቀን አድርጉት።

ሚስቴ በሚቀጥለው ክረምት መውጫ አረፈች። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሻይዋን በሦስት ማንኪያ ጠጥታለች፤ አፍልቼ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ቀምሳ «አራት አደረግኸው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ነገሩ ሁላችንንም ያስከፈለን ድምሩ ይህ ነው። ሚስቴን አሥራ አንድ ኪሎ ሥጋና አንድ ዙር መድኃኒት። ልጄን፣ አባቷ ያለው ሁሉ ልክ ነው ብላ የምታምንበትን ልብ፤ አሁን ታከብረኛለች፣ የምናገረውን ግን ሄዳ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። የሚስቴን እህት፣ የምትቀልድበትን አንድ ቤት፤ ከቀብር ወዲህ ስትመጣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጎረቤታችንን የልጆቿን የወር ሻይ። እኔን ደግሞ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ስኳሩ ቤቴ ውስጥ ሳለ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሳለ ያለፈ ስምንት ቀን።